የአነስተኛ ዲዝል ሞተር የኢንጀክተር ርጭት አመረማመር፤ ከየካ እስከ እንጦጦ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና ለሞተር ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በዚህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ አባላት ብዛትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ተገቢም ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል፣ ርዝመቱ ከአንድ እጅ ስፋት ብዙም የማይበልጥ አንድ የብረት ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ኢንጀክተር ይባላል። ሥራው ናፍጣን ወደ ሞተሩ ሆድ መርጨት ነው። ርጭቱ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚጎዳው የማኅበሩ ሒሳብ ነው፤ ቀጥሎ ሞተሩ፤ አንዳንዴም የሠራተኛው እጅ።

ጉዳዩ እንዴት ያለ ክብደት እንዳለው ለማየት በጥር ወር የመስኖ ሽንኩርት ያለውን አንድ አባል ማሰብ ይበቃል። ማዳበሪያውን በብድር ወስዷል፣ ዘሩን ገዝቷል፣ የቀን ሠራተኛ ከፍሏል። ራሱ መጣል በጀመረበት ሳምንት የማኅበሩ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቢቆም ወንዙ ከማሳው በታች እየፈሰሰ ሰብሉ ይደርቃል። መካኒክ ከከተማ እስኪመጣ ሦስት ቀን፣ ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝ ሌላ ሦስት ቀን ይሄዳል። ብድሩ ግን አይቆምም። ወፍጮም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ ሞተሩ በቆመ ቁጥር እህሉን ተሸክማ ሩቅ መንገድ የምትሄደው እናት ናት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሳይቃጠል በጭስ የሚወጣ እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ ያለው ሆኗል።

ዲዝል ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው አየርን በመጭመቅ ነው። ፒስቶኑ የሳበውን አየር እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያህል ሲያምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚያ ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን ይረጫል፤ ናፍጣውም በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ መንገድ የሚሠራ ሞተር አጥጋቢ ውጤት ሲያሳይ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1897 ነበር። የእርሱ ሞተር ናፍጣውን የሚያስገባው በታመቀ አየር እየነፋ ስለነበረ ግዙፍና ከባድ ነበር። ሞተሩ አንሶ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ማሳ ሊወርድ የቻለው ናፍጣውን ያለ አየር እገዛ በከፍተኛ ግፊት የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የቦሽ ኩባንያ ይህን ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። በገጠራችን ስሙ የታወቀው ሊስተርም ሆነ ዛሬ በብዛት የሚታዩት ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ሞተሮች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

የሥራውን ጥቃቅንነት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በደቂቃ 2,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይረጫል። የ12 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ በእያንዳንዱ ርጭት የሚገባው ናፍጣ ከአንድ ጠብታ የማይበልጥ ነው። ይህችን አንዲት ጠብታ ኢንጀክተሩ በሴኮንድ ሺኛ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ወደ ጉም መለወጥ አለበት። ስምንት ሰዓት በዋለ ሞተር ይህ ከ400,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ጠብታዋ ጉም ሆና ከአየር ጋር ከተቀላቀለች ሙሉ በሙሉ ትቃጠላለች። እንደ ጠብታ ከወደቀች ግን ውጭዋ ተቃጥሎ ውስጧ ከሰል ይሆናል፤ ያም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ወይም በፒስቶኑና በቫልቮላው ላይ ይጋገራል።

ወደ ምርመራው ከመገባቱ በፊት ስለ አገሩ ከፍታ መነገር ያለበት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ኢንጀክተር ያለ ጥፋቱ የሚወነጀለው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመገናኛ በኮተቤ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የየካ ተዳፋት ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ሲወጣ ያያል፤ የእንጦጦ ጫፍም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2,400 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ ከአሥር እጅ ሰባቱ ገደማ። ፒስቶኑ በአንድ ጉርሻ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይሳሳል። ፖምፓው ግን ከፍታ አያውቅም። በፋብሪካው በባሕር ወለል አጠገብ በተስተካከለለት ልክ ናፍጣውን ይሰጣል። አየር ጎድሎ ናፍጣ ሲተርፍ ጥቁር ጭስ ይመጣል፤ ኢንጀክተሩ አዲስ ቢሆንም ይመጣል።

ተርቦ የሌለው ዲዝል ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል ተብሎ በግምት ይያዛል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር በየካ 9 ገደማ፣ በእንጦጦ ትከሻ ላይ ደግሞ ከ9 በታች ቢሰጥ አልተበላሸም። ሰሌዳው የተጻፈው ለዚህ አገር አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ማኅበራት ሞተር ሲገዙ የወፍጮውን ወይም የፓምፑን ፍላጎት በሰሌዳው ቁጥር ልክ ይመርጡና ሞተሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያቃስት፣ ሲያጨስና ሲግል ይኖራል። ቀጥሎ መካኒክ ይጠራል፤ መካኒኩም ኢንጀክተሩን ይፈታል። የጠፋው ነገር ግን ከግዢው ጨረታ ላይ ነበር።

ብርዱም ሌላው ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃ አካባቢ እንዲሰፍሩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ብርዱ እንደነበረ ይነገራል። ሞተርም ይህን ብርድ ያውቀዋል። በታኅሣሥ ማለዳ በቀዘቀዘ ብረት ላይ የሳሳ አየር ሲታመቅ የሚገኘው ሙቀት ይቀንሳል፤ ናፍጣው ወዲያው አይቀጣጠልም፤ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ሞተሩ እየተነጫነጨ ይነሣል። ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ የአገሩ ጠባይ ነው። ሞቆም የማይጠፋ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ ወደ ተበላ ሲሊንደር።

ስለዚህ አስተዋይ የሞተር ሠራተኛ ጥቁር ጭስ ሲያይ ቁልፍ አያነሣም። አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ይፈታል። በወፍጮ ቤት ዱቄት፣ በማሳ አቧራ የተዘጋ ማጣሪያ ለሳሳው አየር ሌላ እንቅፋት ነው። ቀጥሎ ጭነቱን ቀንሶ ያያል፤ ጭሱ ከጭነቱ ጋር አብሮ ከጠፋ ችግሩ የጭነት ነው። ከዚያ የናፍጣውን ማጣሪያ ይመለከታል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ በትንሽ ጭነትም ቢያጨስ፣ ብረት በብረት እንደሚመታ ያለ ደረቅ ድምፅ ቢያሰማ፣ ማስነሻው ከቀድሞው ቢከብድ፣ ናፍጣ ፍጆታው ቢጨምር ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ የናፍጣ ሽታ ቢያመጣ፣ ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ይውጣ። የመጨረሻው ምልክት አስቸኳይ ነው። ያልተቃጠለ ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን እያቀጠነው ነው ማለት ስለሆነ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ማደር እንጂ መዋል የለበትም።

ኢንጀክተር ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው በናፍጣና በብሩሽ ይታጠባል። በእድፍ የተሸፈነን ኢንጀክተር መንቀል ሲሊንደሩ ውስጥ አሸዋ እንደ መጨመር ነው። የግፊት ቧንቧውና የመመለሻ ቧንቧው ተፈትተው አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ይሸፈናል። ማሰሪያ ዳዶዎቹ በየተራ ትንሽ በትንሽ ይላላሉ። ኢንጀክተሩ ከወጣ በኋላ በታቹ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አብራ መውጣቷ ይታይ። ብዙ ጊዜ በቴስታታው ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። ሠራተኛው ሳያይ አዲስ ሮንዴላ ቢጨምር ሁለት ሮንዴላ ይደራረባል፤ ኢንጀክተሩ ከቦታው ከፍ ይላል፤ ርጭቱ የታሰበለትን ቦታ ይስታል። ደህና የነበረ ኢንጀክተር ከተፈታ በኋላ «ባሰበት» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

የወጣው ኢንጀክተር የሚፈተነው በእጅ በሚገፋ መፈተሻ ነው። መፈተሻው ንጹሕ ዘይት የሚይዝ ትንሽ ገንዳ፣ ግፊት የሚሰጥ ዘንግ፣ የግፊት መለኪያና ኢንጀክተሩ የሚታሰርበት አጭር ቧንቧ ያለው ቀላል መሣሪያ ነው። የፖምፓ ሥራ የሚሠሩ የከተማ ጋራዦች ሁሉ አላቸው። በእርሱ ላይ አራት ነገር ይታያል፤ ከአራቱ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ኢንጀክተሩ የሚከፈትበት ግፊት ነው። ዘንጉ በዝግታ ሲገፋ የመለኪያው ቀስት ይወጣና በአንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ኢንጀክተሩ ይረጫል። ባለ አንድ ቀዳዳ፣ መርፌው ጫፍ ላይ ሹል ዘንግ ያለው ዓይነት፣ በአብዛኛው ከ120 እስከ 140 ባር ባለው መካከል ይከፈታል። ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ጥቃቅን ቀዳዳ የሆነው፣ በቀጥታ በፒስቶኑ ላይ የሚረጨው ዓይነት፣ ከ180 እስከ 200 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ትክክለኛው ቁጥር ከሞተሩ መጽሐፍ ላይ ይወሰዳል፤ ሞተር ሲገዛ መጽሐፉን ከሣጥኑ ጋር መጣል የብዙ ማኅበራት ልማድ ሆኖ ቆይቷልና ከእንግዲህ በጸሐፊው መሳቢያ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው ማንጠባጠብ ነው። የኖዝሉ ጫፍ በጨርቅ ተጠርጎ ግፊቱ ከመክፈቻው 10 ወይም 20 ባር ያህል ዝቅ ብሎ ለ10 ሴኮንድ ይያዛል። ጫፉ ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ትንሽ ማርጠብ ይታለፍ ይሆናል፤ ጠብታ ተሰብስቦ ከወደቀ ግን መርፌው ከመቀመጫው ጋር አልገጠመም። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ክፉ ነው። ርጭቱ ካለቀ በኋላ ጠብታው በፒስቶኑ አንድ ቦታ ላይ እየወደቀ ይነድዳል፤ ያ ቦታ ከሌላው ይግላል፤ በጊዜ ብዛትም አሉሚኒየሙ ይቀልጥና ፒስቶኑ ይበሳል። የኖዝል ዋጋና የፒስቶን፣ የሲሊንደር፣ የጓርኒሲዮንና የመካኒክ ዋጋ ሲነጻጸር ገንዘብ ያዡ ራሱ ይፈርዳል።

ሦስተኛው የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ የሆነው የርጭቱ መልክ ነው። ባለ አንድ ቀዳዳው ኖዝል ጤነኛ ሲሆን ርጭቱ እንደ ጠባብ ችቦ ብርሃን ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ዙሪያው እኩል፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ጉም የሆነ። በጎን በኩል ክር የመሰለ ቀጭን ፍሰት ሊወጣበት አይገባም። ባለ ብዙ ቀዳዳው ደግሞ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ አጥንት በእኩል ርቀት የሚበተኑ አራት ወይም አምስት ጉሞች ያሳያል። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል ይሁን። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቀዳዳው በከሰል ተዘግቷል፤ አንዱ ከሌሎቹ ወፍሮ ከታየ ቀዳዳው ተበልቷል። ርጭቱ ከጀበና አፍ እንደሚወርድ ቡና ዘለላ ሆኖ ከወረደ ግን ኖዝሉ ኖዝል መሆኑን ትቷል።

ዓይን ሊያታልል ስለሚችል ወረቀት ይረዳል። ንጹሕ ወፍራም ወረቀት ከጫፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ይያዝና ዘንጉ አንድ ጊዜ በፍጥነት ይገፋል። ባለ አንድ ቀዳዳው ክብ እርጥበት ይተዋል፤ ክቡ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ርጭቱም ያጋድላል። ባለ ብዙ ቀዳዳው እኩል የተራራቁ ምልክቶችን ይተዋል፤ ይቆጠራሉ። ወረቀቱ ሲደርቅ ቀኑና የሞተሩ ስም ተጽፎበት ሊቀመጥ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ይነግራል። ወረቀቱን በእጅ መያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በፒንሳ ወይም በእንጨት ማቀፊያ ይያዝ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

አራተኛው ድምፅ ነው። ጤነኛ ኢንጀክተር ዘንጉ ሲገፋ ይጮኻል፤ ድምፁ ደረቅ በር ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ፣ ተከታታይ ንዝረት ያለው ነው። ይህ መርፌው በነጻነት እየተነሣና እየተቀመጠ መሆኑን ያሳያል። ልምድ ያላቸው የፖምፓ መካኒኮች ርጭቱን ከማየታቸው በፊት ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ድምፅ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚፈስ ኢንጀክተር መርፌው ተጣብቋል ወይም አልቋል።

የመፈተሻው ፍርድ በየካም ሆነ በአዋሽ ቆላ ያው ነው፤ ከፍታ አይለውጠውም። ስለዚህ ጥቅሙ እጥፍ ነው። በመፈተሻው ላይ አራቱንም አልፎ በሞተሩ ላይ የሚያጨስ ኢንጀክተር ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከአየሩ፣ ከጭነቱ ወይም ከሞተሩ ሌላ አካል ይፈለግ።

መፈተሻ በሌለበት በገጠር የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አለ። ኢንጀክተሩ ይነቀልና ከሞተሩ ውጭ ፊቱን ወደ ሜዳ አዙሮ በራሱ የግፊት ቧንቧ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ሞተሩ በማኒቬላ ሲዞር ፖምፓው ይገፋል፣ ኢንጀክተሩም በአየር ላይ ይረጫል። ግፊቱን ባይለካም የርጭቱን መልክ ያሳያል፤ አንድ ቀዳዳ መዘጋቱን ወይም ማንጠባጠቡን ለማወቅ ይበቃል። ብዙ ሰው ሲያደርገው ይታያል፤ እጁን ከርጭቱ ፊት አድርጎ «ይነፍሳል፣ አይነፍስም» የሚልም አልታጣም።

እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ ነው። ከኢንጀክተር የሚወጣው የዚያ ወደ 100 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ይህ ርጭት ቆዳን እንደ መርፌ ይበሳል፤ ናፍጣውንም በሥጋና በጅማት መካከል ይገፋዋል። የሚታየው ቁስል የእሾህ ያህል ነው፤ ደም ላይወጣ ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ሕመሙም ቀላል ሊሆን ይችላል። ሰውየው ጠርጎት ወደ ሥራው ይመለሳል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ በውስጡ ያለው ናፍጣ ሥጋውን ይመርዘዋል፤ ዘግይቶ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው ጣቱን፣ ከዚያም አልፎ እጁን ሊያጣ ይችላል። የሚያድነው በጊዜ ተከፍቶ በቀዶ ሕክምና መታጠቡ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ኢንጀክተር የተወጋ ሠራተኛ ቁስሉ ቢያንስም ባይሰማውም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ሲደርስም «በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ ተወግቻለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ሐኪሙ የሚያየው ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነ በፕላስተር ሊሸኘው ይችላልና። በቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም ቡና መደፋት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ጉሙም ሌላ አደጋ አለው። ናፍጣ በጀሪካን ሳለ በክብሪት ቶሎ አይያዝም፤ ጉም ሲሆን ግን በጋለ ማርሚታ ላይ ወይም በሲጋራ እሳት ይነድዳል። ወደ ሳንባም ይገባል። በመሆኑም ይህ ዓይነቱ ሙከራ ከተደረገ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ደጅ ላይ፣ ነፋስ ከጀርባ እየነፈሰ፣ መነጽር ተደርጎ፣ ልጆች ርቀው ይደረግ። ማኒቬላውን የሚያዞረውና ኢንጀክተሩን የሚያየው ሁለት ሰዎች ከሆኑ ቃል ይግባቡ፤ ተመልካቹ «ቁም» ሳይል አዙሪው እንዳያቆም፣ ሳይል እንዳይጀምር።

ርጭቱ የተበላሸ ኢንጀክተር ሁሉ አይጣልም። ብዙው ከሰል ይዞት ነው። በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባል፤ ከሰሉ በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ ወይም በተሳለ እንጨት ይነሣል። የብርጭቆ ወረቀት፣ ቢላዋና የብረት ሚስማር ወደዚህ ጠረጴዛ አይቀርቡም። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ለእነርሱ በተሠራ ቀጭን ሽቦ ብቻ ይጠረጋሉ። መርፌውና አካሉ አብረው ተፈጭተው የተሠሩ ጥንዶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ያህል ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚያ በአሥር እጥፎች ይወፍራል። ስለዚህ የሁለት ኢንጀክተሮችን መርፌዎች በአንድ ሳህን አጥቦ ማቀያየር ሁለቱንም መግደል ነው። ከታጠበ በኋላ መርፌው በናፍጣ ርሶ ከአካሉ ሲሶውን ያህል ይሳብና አካሉ ጋደል ተደርጎ ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት ያለ ግፊት ተንሸራቶ መግባት አለበት። ከተያዘ ወይ እድፍ አለ ወይ ተጣሟል። ታጥቦም ያልዳነ ኖዝል ይለወጣል።

አንዳንድ መካኒክ የተበላሸን ርጭት በሌላ መንገድ ለማዳን ይሞክራል፤ ሞላውን የሚጫነውን ቡሎን አጥብቆ ወይም ከሞላው ሥር ሮንዴላ ጨምሮ መክፈቻ ግፊቱን ከልኩ በላይ ያወጣዋል። ርጭቱ ለጥቂት ቀን የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን የተበላ ኖዝል በግፊት አይታደስም። ግፊቱ በወጣ ቁጥር ናፍጣው ዘግይቶ ይገባል፤ ፖምፓውም ከአቅሙ በላይ ይገፋል፤ ማኅበሩ ከኖዝሉ በተጨማሪ ፖምፓ ለመግዛት ይዘጋጅ ማለት ነው። ግፊት የሚስተካከለው ኖዝሉ ጤነኛ ሆኖ ሞላው በእድሜ ሲላላ ብቻ ነው።

ሲመለስ አሮጌዋ ሮንዴላ ወጥታ፣ የኢንጀክተሩ ጉድጓድ በጨርቅ ተጠርጎ፣ አዲስ አንዲት ሮንዴላ ትገባለች። አዲስ ካልተገኘ አሮጌዋን በእሳት አቅልቶ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ መዳቡን ስለሚያለሰልሰው ለጊዜው ያገለግላል። ዳዶዎቹ እኩል በእኩል ይጠብቃሉ፤ አንዱ ወገን ከጠበቀ ኢንጀክተሩ ተጣምሞ መርፌው ሊያዝ ይችላል። ከዚያ አየሩ ከማጣሪያው ጀምሮ እስከ ቧንቧው ጫፍ ይወጣል።

ኢንጀክተር በራሱ ጊዜ ያረጃል፤ ቶሎ የሚገድለው ግን ቆሻሻ ናፍጣ ነው። በመካከለኛ ነጋዴ እጅ በበርሜል ተንከባልሎ፣ በጀሪካን ተሸክሞ፣ በክፍት ባልዲ ተቀድቶ የሚገባ ናፍጣ ውኃና አፈር ይዞ ነው። ከፍ ባለ አገር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጎዶሎ በሆነ በርሜል ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን ወደ ናፍጣው ይጥላል። መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉ በጥላ ሥር በትንሹ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ይቀመጥ፤ ናፍጣው ከገባ በኋላ አንድ ቀን ይርጋ፤ የሚቀዳው ከላይ በኩል ይሁን እንጂ ከታች ያለው ጣት ያህል አይነካ፤ ማታ ሞተሩ ሲቆም ሴርባቶዮው ተሞልቶ ይደር። ከኬሮሲን ጋር የተቀላቀለ ርካሽ ናፍጣ ደግሞ ቅባቱ ስለሚያንስ የመርፌውንና የፖምፓውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ በሊትር የተረፈው ሳንቲም በኖዝል ይከፈላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ይህ ሁሉ የማን ሥራ ይሁን የሚለው ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መፈተሻ ይግዛ ማለት ብክነት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነካ መሣሪያ በመጋዘን ዝገት ይበላዋል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 እና በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ የፈቀዱት ማዳበሪያን በጅምላ ለማምጣትና ምርትን በጋራ ለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ለብቻው የማይችለውን አገልግሎት በጋራ ለማግኘትም ነው። አንድ የእጅ መፈተሻ፣ አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ፣ አንድ ንጹሕ ክፍል በዩኒየኑ ግቢ ቢኖር የመስኖ ወቅት ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የሁሉም ማኅበራት ኢንጀክተሮች በተራ ተፈትነው ሊመለሱ ይችላሉ። ኢንጀክተር ቀላል ዕቃ ነው፤ በንጹሕ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ኪስ ይመጣል፤ ሞተሩ ባለበት ይቆያል። ዩኒየኑ በየሞተሩ ዓይነት ጥቂት ኖዝሎችና የመዳብ ሮንዴላዎች በመጋዘኑ ቢያስቀምጥ ደግሞ በጥር የሚጠፋው ያ ሳምንት ወደ አንድ ቀን ይወርዳል። የሚመረጠው ሠራተኛ የግድ ዲፕሎማ ያለው መሆን የለበትም፤ እጁ ንጹሕ፣ ጠባዩ ታጋሽ ይሁን፤ ደብተር መያዝ የሚወድ ይሁን። በደብተሩ ላይ የሞተሩ ዓይነትና የማኅበሩ ስም፣ የተለካው መክፈቻ ግፊት፣ ማንጠባጠቡ፣ የርጭቱ መልክ፣ የተለወጠው ዕቃና ቀኑ ይጻፍበት፤ የርጭቱ ወረቀትም በዚያው ገጽ ላይ ይለጠፍ።